ከጠርዝ የገባች ክርን

ሰባ ዓመት በሞላው በዚያ የጥር ቅዳሜ፣ ጡረተኛው አናጢ ያነሣውን የሐይቅ ፎቶ ግድግዳው ላይ ለጥፎ ከንፈሩን ነክሶ ተቀመጠ። በፎቶ አፍቃሪዎቹ ማኅበር ደንብ፣ ባለ ፎቶው የሚናገረው ሁሉም አስተያየቱን ሰጥቶ ሲያበቃ ነው። የጥርስ ሐኪሙ እንደ ልማዱ በሰፊ ነጭ ወረቀት የፎቶውን የግራ ጠርዝ ሸፈነ።

«ይቺ ክርን ደግሞ ምን ልትሠራ ገባች? ትቆረጥና ሐይቁ ይታይ!»

«እኔም ልል ነበር፤ እዩት፣ አሁን አማረበት!» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

የአናጢው ደም ፈላ። ተራው ሲደርስ ብድግ አለ። «ክርኗ የባለቤቴ ናት። ካሜራ ባየች ቁጥር ትሸሽ ነበር። ዛሬ ከእሷ በፎቶ የቀረልኝ ይኸው ክርኗ ብቻ ነው። በሉ ቁረጡ!»

ሐኪሙ ወረቀቱን ቀስ አድርጎ ወደ ቀኝ ገፋውና ሐይቁን በሙሉ ሸፈነው።

«እንግዲያው ጋሼ፣ የሚቆረጠው ይኸኛው ነው» አለ።