የኋላው ደረጃ መብራት

«ጥያቄውን ይድገምልዎት?» አለች አስተርጓሚዋ ሐምራዊት።

አሥራት ጥያቄውን ገና በእንግሊዝኛ ሲጠየቅ ገብቶታል። ያቃተው መልሱ ነው። ቃሉን የምትመዘግበው ሴትዮ ጣቶቿን ማሽኗ ላይ አሳርፋ ትጠብቃለች። ከመስኮቱ ውጭ የዳውንታውን ፎቆች የጠዋት ፀሐይ እየሞቁ ነው።

«ይድገምልኝ» አለ፣ ትንሽ ፋታ ባገኝ ብሎ።

የሞሚና ጠበቃ ሊዮን መነጽሩን አስተካክሎ ደገመው፤ ሐምራዊትም ተረጎመች። «እሷ ከመውደቋ በፊት፣ የኋላው ደረጃ መብራት እንደማይሠራ የነገረዎት ሰው ነበር?»

ሞሚና ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣለች። ቀኝ እግሯን ዘርግታ፣ ክራንቿን ወንበሯ ላይ አስደግፋ፣ ጠረጴዛውን ታያለች። ከገባች ጀምሮ አንዴም ቀና ብላ አላየችውም።

አራት ዓመት ሙሉ ተከራዩ ናት። እሱ ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር ከታች፣ እሷ ብቻዋን ከላይ። ከከተማው ወጣ ብሎ ግሮቭፖርት ያለ መጋዘን ስለምትሠራ ሳይነጋ ነው የምትወጣው። የካቲት ውስጥ አንድ ቀን ማለዳ በዚያ በጨለመ ደረጃ ስትወርድ እግሯ ሳተና ስምንት ደረጃ ተንከባልላ ወረደች። ቁርጭምጭሚቷ ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ በብሎን ነው የተያያዘው። ከዚያ ወዲህ ቆማ መሥራት አልቻለችም። ጠበቃ ይዛ ካሳ ጠይቃለች፤ ዛሬ እሱ ቃሉን የሚሰጠውም በዚያ ክስ ነው።

ነግራው ነበር። ማእድ ቤቷ ገብቶ፣ በጀርባው ተኝቶ የሚያፈስ ቧንቧ ሲጠግን ነው የነገረችው። «አሥራት፣ የኋላው መብራት ከጠፋ ሰነበተ እኮ። ጠዋት ጠዋት ደረጃውን በእግሬ እየዳበስኩ ነው የምወርደው።» እሱም ከሲንኩ ሥር ሳይወጣ «ቅዳሜ መጥቼ እሠራዋለሁ፣ እትዬ» አላት። ሦስት ቅዳሜ አለፈ። በአንዱ ኦቨርታይም ገባ፤ በአንዱ የልጁ ልደት ነበር። ሦስተኛውን ግን ምንም የሚያሳብብበት ነገር የለውም፤ ረሳው።

ቴክስት አላደረገችለትም። አጠገባቸው የሰማ ሰው አልነበረም። እሱም ለሚስቱ እንኳ ትንፍሽ አላለም። የቤቱ ኢንሹራንስ የመደበለት ጠበቃ ዛሬ ጠዋት ፓርኪንጉ ውስጥ፣ «አከራዩ መብራቱ መበላሸቱን ካላወቀ በኃላፊነት መጠየቁ ያጠራጥራል። እሷም ባለፈው ሳምንት ስትጠየቅ ነግራህ እንደሆነ አላስታውስም ብላለች። አንተም የምታስታውሰውን ብቻ መልስ» አለችው። ዋሽ አላለችውም። ጉዳዩን ስለማታውቅ የነገረችው ደንቡን ነው።

አላስታውስም። ከሰማው ጀምሮ ይኼ ቃል ደረቱ ላይ ተቀምጧል። የሦስቱንም ልጆቹን ልደት በቃሏ የምታውቅ፣ ኪራይ አንድ ቀን ያላሳለፈች ሴት እንዴት ይኼን ትረሳለች?

ሊዮን ጉሮሮውን ጠረገ።

«ነግራኛለች» አለ አሥራት በአማርኛ።

ለአንድ አፍታ ክፍሉ ውስጥ ይኼን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሞሚና ቀና አለች። ሐምራዊት እርግጠኛ ነዎት እንደማለት አየችው፤ ሥራዋ ስላልሆነ ግን አልጠየቀችውም። ቃሉን ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው። የማሽኑ ቁልፎች ተንኳኩ። የአሥራት ጠበቃ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ከመውደቋ ሦስት ሳምንት በፊት ነግራኛለች» ቀጠለ። «እሠራዋለሁ ብያት ረሳሁት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

የሚፈርስ መስሎት ነበር። ግን ትከሻው ወረደና ጀርባው ወንበሩን አገኘ። ከገባ ጀምሮ ጫፉ ላይ ተቀምጦ እንደነበር ገና አሁን አወቀ።

ሊዮን ሦስት አራት ጥያቄ ጨምሮ ጨረሰ። ሲነሱ የእሱ ጠበቃ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ፣ «ለኔ ቀድመህ ብትነግረኝ ይሻል ነበር» አለችው። ከዚያ ፊቱን አየችና ድምፅዋን አለዘበች። «አይዞህ። አሁን ኢንሹራንሱ መደራደሩ አይቀርም። የሚጠይቁት ካሳ ኢንሹራንሱ ከሚከፍለው አያልፍም፤ ቤትህን ማንም አይነካብህም።»

ሞሚናን ኮሪደሩ ላይ ሊፍት ስትጠብቅ አገኛት። ቦርሳዋን ተቀበላት።

«እትዬ» አለ፣ «ለምን አላስታውስም አልሽ?»

«ምን ልበል ታዲያ? ነግሬዋለሁ ብል ቤቱን የሚነጥቁህ መሰለኝ። እነዚያን ልጆች ይዘህ የት ትገባለህ? የኔ እግር እንደሆነ አንዴ ተሰብሯል።»

«ኢንሹራንሱ እኮ ነው የሚከፍለው፣ እትዬ! ለዚህ ብዬ አይደል የገባሁት?»

«ኢንሹራንሱ?»

«ኢንሹራንሱ።»

«ሱብሃነላህ!» አለች ክራንቿን መሬት መታ አድርጋ። «ያ ጠበቃዬ ቢሮው አስቀምጦ ስንቱን ሲያስረዳኝ፣ እኔ የስ፣ የስ ስል! ለካ ይኼን ኖሯል የሚለው!»

መጀመሪያ ሳቁ ያመለጣት እሷን ነው። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ልትይዘው ብትሞክር አልሆነላትም። ከዚያ አሥራትን፤ ስንት ወር ሆዱ ውስጥ ታስሮ የከረመው ነገር በሳቅ ወጣ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሊፍቱ መጣና ተከፈተ። ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች አንዲት ባለ ክራንች ሴትና የሴት ቦርሳ ያንጠለጠለ ጎልማሳ ግድግዳ ተደግፈው ሲንፈቀፈቁ አዩ፤ ጠበቁ፣ ጠበቁና በሩ ተዘጋ። ሊፍቱ ያለ እነሱ ወረደ።