ሙሾ በፈረንጅ አልበም

«ፈረንጅ መጥቶ ድምፄን ለአልበሙ ቀድቶ ወሰደ» ባለች ቁጥር የወገዳ ከተማ ሰው ሙሉ ሲስቅባት ሦስት ዓመት ሆነ። ስንቱን ቀብር ያስለቀሰችውን ሴት ዋሾ አሏት። አንድ ቀን የከተማው ትምህርት ቤት መምህር ገበያ መሃል አልበሙን በስልኩ ሲከፍተው ግን ሲስቅ የነበረ ጥርስ ሁሉ ተከደነ። ድምፁ የራሷ ነበር። ለሞተው ልጇ ያወረደችው ሙሾ ነበር፤ ከሥሩ ከበሮና ጊታር ይመታል።

«እማማ፣ ዓለም ሰማዎት እኮ!» አላት መምህሩ።

እሷ ነጠላዋን ከጆሮዋ ገለጥ አድርጋ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። በየስንኙ መጨረሻ የልጇን ስም ጠርታ ነበር። ስንኙ አለቀ፤ ስሙ ሊጠራ ሲገባ ከበሮው ገባበት። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ ሆነ። አጠገቧ የቆመች ኮረዳ ትከሻዋን ሰበቅ ሰበቅ አደረገች።

«‹አላምረው› እያልሁ ልጄን የጠራሁት የት ሄደ?»

«ለዜማው እንዲመች ቆርጠውት ይሆናል።»

«ያንተን አንገት ለዜማው እንዲመች ቢቆርጡትስ?»

«እማማ፣ ሰውየውን የማገኝበት መንገድ የለኝም። ደግሞም አንዴ ወጥቷል፤ አይመለስም።»

«እሱን አላውቅም። ተማርሁ ትል የለም? ጻፍለት! ልጄን ከቆረጠው ድምፄንም ቆርጦ ይጣለው በለው።»