ለእትዬ ዘነቡ ያስያዝኩት ሕመም

የጉልበቴ ጅማት የተበጠሰው ለጤና ቡድናችን ስጫወት ኳሷን ከየካ እንጦጦ ድረስ ስለላክኋት ነው፤ ለዶክተሩም ይህንኑ ነግሬዋለሁ። በኛ ዘመን ከቀዶ ጥገና በኋላ ያለውን ሕመም ክሊኒኩ ያዛውረውና ዘመድ ይታመምልሃል። የኔን ታላቅ እህቴ እትዬ ዘነቡ፣ "ለኔ ስጡት፣ እሱ አይችለውም" ብላ ወሰደችው።

ዶክተሩ ስድስት ሳምንት እግርህን በቀስታ ከማጠፍ በቀር ምንም እንዳትሞክር ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ምንም ስላልተሰማኝ በሦስተኛው ሳምንት፣ እሑድ ጠዋት፣ ሜዳ ገባሁ። አንድ ጎልም አገባሁ።

ቤት ስመለስ እትዬ የወጡን ድስት ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በመቀመጫዋ እየተንፏቀቀች ደረጃውን ትወርዳለች።

"የት ነበርክ?"

"ጓሮ። እግሬን አሥር ጊዜ አጠፍኩ።"

"እንግዲያ እኔ ነኛ ያረጀሁት። ሦስት ሰዓት ላይ ጮኼ ጎረቤቱን ሁሉ ሰበሰብኩት።"

ጎሏን ያገባሁት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ድስቱን ተቀበልኳት።

በማግስቱ ክሊኒክ ሄጄ ሕመሜን አስመለስኩ። አሁን እግሬን ባጠፍኩ ቁጥር "ወይኔ" እላለሁ። እትዬ ከማድ ቤት "ስንት ደረስክ?" ስትለኝ፣ አንድም ሳልጨምር እነግራታለሁ። ያቺን ጎል ግን እስካሁን አላወራኋትም።