ሦስተኛው ሽማግሌ

ጌዴዎን እንደሚለው መቆጣጠሪያውን የዘጋችው ሰሃርላ ናት፤ ማንንም ሳታስፈቅድ፣ በገዛ እጇ። ሰሃርላ እንደምትለው እጁ የእሷ ነው፤ ትእዛዙ ግን የእሱ። ከኋላዋ ቆሞ «ዝጊውና ፍጥነቱን እንየው» ብሏታል።

ሁለቱንም አዳመጥን። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፤ ኮሎምቢያ ሲቲ በሚባለው ሰፈር፣ የአንድ ሐበሻ ምግብ ቤት የውስጠኛው ክፍል። ጋሽ ኪዳነ ወልድ በጌዴዎን በኩል፣ ጋሽ ኑሩ በሰሃርላ በኩል መጥተዋል። ሽማግሌ ሦስት መሆን አለበት ተብሎ ሦስተኛው እኔ ሆንኩ፣ በሃያ ሰባት ዓመቴ። «ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይኑር» ብሎ የጠራኝ ጌዴዎን ነው። የሰሃርላም የእኔም አለቃ ነው።

ሥራችን ዶላርና የጃፓን የን ዓይን ሳይርገበገብ የሚገዛና የሚሸጥ ፕሮግራም መጻፍ ነው። ዋጋው ሲያብድ ግዢውን የሚያስቆም መቆጣጠሪያ አለው። ማክሰኞ ዕለት እሱ እንደተዘጋ ዋጋው አበደ፤ ድርጅቱም ብዙ ገንዘብ ከሰረ። የፊታችን ሰኞ ምርመራ አለ፤ ጥፋተኛ የተባለ ይባረራል። መዝገቡ ላይ ያለው የሰሃርላ ስም ነው። ከተባረረች ቪዛዋም አብሮ ይሄዳል።

«ጥፋት ካለብኝ ይቅርታ» አለ ጌዴዎን፣ ጥብሱን እየጎረሰ። «ግን ሁለታችንም ከወደቅን ቲሙ ይበተናል። ሶ፣ እሷ ትቀበል፤ እኔ ሌላ ሥራ አፈላልግላታለሁ። እህቴ ማለት ናት።»

«እህትህን እንዲህ ነው የምትሸኛት?» አለች ሰሃርላ።

«ተይ ልጄ፣ ሽማግሌ ፊት!» ጋሽ ኪዳነ ወልድ ተቆጧት። «እሱ ባለ ትዳር ነው፣ ልጆች አሉት። አንቺ ገና ነሽ።»

ልፈርድለት ሞከርኩ። ሥራውን ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ልጆቹንም አውቃቸዋለሁ። ነገር ግን ስለ ሰከንድ ሚሊዮንኛ ሲመጻደቅ የሚውል ሰው «እኔ ነኝ ያዘዝኳት» ለማለት አራት ቀን አልበቃውም።

«እኔ ማክሰኞ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር» አልኩት። «ስታዛት ሰምቻለሁ።»

አልደነገጠም። ስቴኪኒ አንሥቶ ጥርሱን መጎርጎር ጀመረ። «ኦኬ፣ ሰማህ። ደንቡን ጋሽ ኪዳነን ጠይቃቸው።»

«ሽማግሌ ሆኖ የተቀመጠ ሰው በያዘው ጉዳይ ሄዶ አይመሰክርም» አሉ ጋሽ ኪዳነ ወልድ። «የኖረ ደንብ ነው፣ ልጄ።»

ለምን እንደጠራኝ ያን ጊዜ ገባኝ። ሰዎች ደም ለማድረቅ የሚቀመጡበትን ወንበር ለአንድ ምስክር አፍ መዝጊያ አድርጎታል። ያውም በአንድ ሳህን ጥብስ። ብልጥ የሆነ መስሎት ነው እንጂ ብልጠት እንኳ አልነበረም፤ ርካሽነት ነበር።

ሰሃርላ አንገቷን ደፍታ የስልኳን ጠርዝ በጥፍሯ ትፍቃለች።

ጋሽ ኑሩ ወደ እኔ ዞሩ። «እና አንተስ ምን ትላለህ?»

ወንበሬን ወደ ኋላ ገፍቼ ተነሣሁ።

«ሽማግሌነቱን ለሌላ ሰው ስጡልኝ ጋሼ» አልኩ። «እኔ ሰኞ እመሰክራለሁ።»