ጥቁሩ ቁልፍ

ደብሪቱ፣ ሟች ባሏ ጫማውን ሲያስር ያንጎራጉራት የነበረውን ዜማ እንዳትጠፋባት በኖታ ልታስጽፍ፣ አራዳ ካለው አርመናዊ የፒያኖ መምህር አጠገብ ተቀምጣ አንጎራጎረች። መምህሩ አንዱን ነጭ ቁልፍ ነካ።

“ሙሴ፣ ይኼ ከፍ አለ።”

ከጎኑ ያለውን ጥቁሩን ነካ።

“አሁን ደግሞ ወረደ። የእሱ ከሁለቱ መካከል ነበር።”

“እመቤቴ፣ መካከላቸው ምንም የለም። ፒያኖዬን ልሰንጥቅልዎ?” ብሎ ሳቀና ጥቁሩን ደጋግሞ መታው። “እስቲ እንደገና ይበሉልኝ።”

ዓይኗን ጨፍና እንደገና አንጎራጎረች።

“ይኸው ገጠመ!” አለ መምህሩ ደስ ብሎት፤ ብዕሩንም አነሳ።

እሷ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። በልቧ የባሏን ድምፅ ደጋግማ ፈለገችው፤ የሚመጣላት ግን የጥቁሩ ቁልፍ ድምፅ ብቻ ነበር።