የባሻ ቃል

ውሻን መቆጣት በሕግ ከተከለከለ ወዲህ እቤታችን የሚጮኸው ውሻው ብቻ ነው። ማሠልጠን የሚቻለው በሙገሳ ነው ተባለ። በውሻችን በባሻ አንገት ላይ ያለው ማሠሪያ የምንናገረውን ያዳምጣል፤ «ጎበዝ» ሲባል ከሰማ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሣጥን ብስኩት ይጥልለታል። ለማን እንደተባለ አይጠይቅም። «ጀግና»ንም «አንበሳ»ንም ያውቃቸዋል። ቧንቧውን የጠገንኩ ቀን ባለቤቴ ወይንሸት «ጎበዝ!» አለችኝ፤ ብስኩቱን ባሻ በላው።

እንዲህ እንዲህ እያለ ባሻ ወፍሮ ደረጃ መውጣት አቃተው። የእንስሳት ሐኪሙ ተቆጣን፤ እኛን መቆጣት አልተከለከለም። «ቃሏን ለሥልጠና ብቻ አድርጓት» አለን። ስለዚህ ባሻ ቀኝ እግሩን ለሰላምታ ሲዘረጋልን ካልሆነ በቀር «ጎበዝ» የሚባል ነገር ከአፋችን እንዳይወጣ ተስማማን።

ትናንት ልጃችን ሜላት ከትምህርት ቤት እየሮጠች ገባች።

«እማዬ! አንደኛ ወጣሁ!»

ወይንሸት «ጎ...» ብላ አፏን በእጇ ከደነች። ባሻ ጆሮውን አቁሟል።

«ጥሩ ነው። በይ እጅሽን ታጠቢ» አለቻት።

እኔ ደግሞ ሌላ ቃል ፍለጋ ብዙ ለፋሁ። በመጨረሻ ያገኘሁት «አጥጋቢ ውጤት ነው» የሚል ነበር፤ ልክ እንደ ርእሰ መምህር።

ሜላት አንዴ እኔን፣ አንዴ እናቷን አየች። ከዚያ ቦርሳዋን አውርዳ የባሻ ምንጣፍ ላይ፣ ከጎኑ ቁጭ አለችና ቀኝ እጇን ወደ እናቷ ዘረጋች።