የላላው ብሎን

ዕቃ ሁሉ ራሱን መጠገን ከጀመረ ወዲህ ባለቤቴ ገብረየስ እጁን አጣጥፎ ነው የሚውለው። ድሮ ድሬዳዋ ባቡር ጥገና ውስጥ አለቃዬ ነበር፤ ሙያውን ያስተማረኝ እሱ ነው።

ያኔ ተስፋ ቆርጬ ያየኝ ቀን፣ ከሚጠገነው ሞተር ላይ አንድ ብሎን ሆን ብሎ ያላላና፣ "እስቲ ያልታየኝ ነገር ካለ እዪልኝ" ይለኛል። ሳገኘው፣ "አንቺ ባትኖሪ ጉድ ሆነን ነበር" ይላል። ዘዴው የገባኝ እኔም አለቃ ስሆን ነው።

ትናንት ከአሮጌ ዕቃ ተራ ራሱን የማይጠግን የብረት ወንበር ገዛሁ። ቤት እንደገባሁ አንዱን ብሎን አላላሁና፣ "ገብሬ፣ ይሄ ወንበር ይነቃነቃል፤ እስቲ እየው" አልኩት።

መፍቻ ፍለጋ ሲነሳ ወገቡ ቀና አለ። አጥብቆ ሲጨርስ ብሎኑን በአውራ ጣቱ ዳበሰና ቀና ብሎ አየኝ።

"ነገም ይላላል መሰለኝ" አለ።

"ይላላል" አልኩት።